ኬላው መቼ ይነሳል? የአውሮፓ የክፍያ መንገዶች ቅኝት

ኦገስት 31 ቀን 2021 እኩለ ሌሊት ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፈረንሳይ ድንበር ተነስቶ በባርሴሎና በኩል የሜዲትራኒያንን ጠረፍ ይዞ በሚወርደው፣ ኤፒ-7 በሚባለው የስፔን ፈጣን መንገድ ላይ የክፍያ ጣቢያዎቹ አግዳሚዎች ወደ ላይ ተነሱና በዚያው ቀሩ። ወደ ሳራጎሳ የሚያቀናው ኤፒ-2ም አብሮ ነፃ ሆነ። ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በአንድ ሌሊት ያለ ክፍያ የሚነዳበት ሆነ ማለት ነው። የውሉ ሥር የተተከለው ፍራንኮ ስፔንን ይገዛ በነበረበት በ1967 ነበር፤ የሚያበቃበት ቀን በየጊዜው እየተገፋ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈው። በወጣትነቱ መክፈል የጀመረ ሾፌር ኬላው ሲነሳ ያየው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

ከዚህ ሌሊት የጀመርኩት ነገሩ ብርቅ ስለሆነ ነው። ኬላ ሲተከል ሁልጊዜ አብሮት ቃል ይገባል፤ መንገዱ የተሠራበት ዕዳ ተከፍሎ እስኪያልቅ ብቻ ነው ይባላል። የአውሮፓ የክፍያ መንገድ ታሪክ የአስፋልትና የድልድይ ታሪክ ተደርጎ ይጻፋል። እኔ ግን ይበልጥ የዚያ ቃል ታሪክ ሆኖ አገኘዋለሁ፦ ማን ገባው፣ ማን አራዘመው፣ ማን ሸጠው፣ ማንስ ጠበቀው?

ቃሉ መጀመሪያ በሕግ የተጻፈው በ1663 በእንግሊዝ ነው። ከ1555 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ እያንዳንዱ ደብር በክልሉ የሚያልፈውን መንገድ በነዋሪዎቹ ነፃ ጉልበት እንዲጠግን ያስገድድ ነበር። ከለንደን ወደ ሰሜን በሚወስደው ታላቅ መንገድ ዳር የሰፈሩ ገበሬዎች ግን የማያውቋቸው ነጋዴዎች ሠረገላ የቦረቦረውን ጭቃ በየዓመቱ መደልደል ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። ስለዚህ ፓርላማው በሦስት አውራጃዎች ኬላ እንዲቆምና አላፊ አግዳሚው እንዲከፍል ፈቀደ። የተሰጠው ጊዜ 11 ዓመት ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተራዘመ። ከ1700ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ባለአደራ ቦርዶች በየአካባቢው ሲቋቋሙ የተለመደው የፈቃድ ዘመን 21 ዓመት ሆነ፤ 21ዱ ሲያልቅ ሌላ 21፣ እርሱም ሲያልቅ ሌላ 21 ይታከልበታል። በ1830ዎቹ ከ1,000 በላይ ቦርዶች ከ30,000 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ያስተዳድሩ ነበር።

ገንዘቡ ሥራ አልሠራም አይባልም። በ1750ዎቹ ከለንደን ኤድንብራ በሠረገላ ዐሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ በ1830ዎቹ ወደ ሁለት ቀን ወረደ። ድንጋይን በመጠን ፈልጦ በንብርብር የመጠቅጠቅን ዘዴ ያስፋፋው ጆን ማካዳም በ1816 የብሪስቶል የክፍያ መንገዶች ኃላፊ ሆኖ የተሾመ ሰው ነው፤ ዘዴውን በስፋት የፈተነው በኬላ ገንዘብ ነው። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነበር። ቦርዶቹ ቀረጡን ራሳቸው ከመሰብሰብ ይልቅ በጨረታ ማከራየት ያዙ። ተከራዩ ለቦርዱ የተወሰነ ገንዘብ ገቢ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ከመንገደኛው ያወጣው ሁሉ የራሱ ነው። እንዲህ ሲሆን ለተከራዩ ከመልካም መንገድ ይልቅ የኬላ ብዛት ይጠቅመዋል።

ይህ ነገር የፈነዳው በምዕራብ ዌልስ ነው። የዚያ አገር አፈር ጎምዛዛ በመሆኑ ገበሬው ኖራ ካልበተነበት እህል አይሰጠውም። ኖራ ለማምጣት ጋሪውን ጭኖ ሲወጣ አንድ ኬላ፣ ጥቂት ሄዶ ሌላ፣ ወደ እርሻው በሚያስገባው አቋራጭ ላይ ደግሞ ተከራዩ አዲስ የዘረጋው ሰንሰለት ይጠብቀዋል። ለኖራው ካወጣው ለኬላ የከፈለው የሚበልጥበት ጊዜ ነበር። ሜይ 13 ቀን 1839 ሌሊት ኤፋይልወን በተባለች መንደር ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ፣ የሴት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች መጥተው አዲሱን ኬላ ሰባበሩ፤ የቀረጥ ሰብሳቢውን ቤትም አወደሙ። መሪያቸውን “ርብቃ” ብለው ይጠሩት ነበር፤ ራሳቸውንም የርብቃ ልጆች ይሉ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ነበርና ስሙን የወሰዱት ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ ርብቃ ከአባቷ ቤት ስትሸኝ ዘሯ የጠላቶቹን ደጅ እንዲወርስ መመረቋን ያስታውሷል። ዐመፁ እስከ 1843 ዘለቀ። በመጨረሻዎቹ ወራት ሄንዲ በተባለ ቦታ ሳራ ዊልያምስ የምትባል አሮጊት የኬላ ጠባቂ ተገደለች፤ ያቺ ሴት ቀረጡን አላወጣችውም፣ አላከራየችውም። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ላከ፤ በ1844 ሕግ ወጥቶ የደቡብ ዌልስ ቦርዶች ተዋሐዱ፣ የኖራ ቀረጥም በግማሽ ተቀነሰ። የቀረውን ባቡር ጨረሰው። የመጨረሻው የብሪታንያ ቦርድ፣ በዌልስ አንግልሲ ደሴት የነበረው፣ በ1895 ተዘጋ።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ኬላው በሌላ መልክ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1924 የጣሊያን ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ በመኪና ተጉዞ ከሚላኖ ወደ ቫሬሴ የሚወስደውን መንገድ መረቀ። መንገዱን ያቀደውና የሠራው የመሐንዲሱ የፒዬሮ ፑሪቼሊ ሐሳብ ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ እግረኛ፣ ከብትና ጋሪ የማይገባበት፣ ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ የተከለለ፣ የሚጠቀምበትም ብቻ የሚከፍልበት መንገድ። በአገሩ የነበረው መኪና ግን ጥቂት ስለነበር ገቢው ወጪውን መሸፈን አቃተውና በ1933 መንግሥት ወሰደው። ይህ በኋላ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ልብ ይሏል፦ ትርፍ ሲኖር የባለውሉ፣ ኪሳራ ሲመጣ የሕዝቡ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ለሁለት ተከፈለች። ጀርመን፣ ሆላንድና ቤልጂየም መንገዳቸውን በግብር ገንዘብ ሠርተው ነፃ አደረጉት። ደቡቡ ግን ካዝናው ባዶ ነበር። ጣሊያን ከሚላኖ ናፖሊ የሚደርሰውን የፀሐይ አውራ ጎዳና በ1956 ጀምራ በ1964 በስምንት ዓመት ፈጸመችው፤ ዛሬም ቢሆን የሚደነቅ ሥራ ነው። ፈረንሳይ ኤፕሪል 18 ቀን 1955 ሕግ አወጣች። ሕጉ ፈጣን መንገድ በመሠረቱ ነፃ ነው፣ ክፍያ የሚፈቀደው በልዩ ሁኔታ ብቻ ነው ይላል። ልዩ የተባለው ነገር 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ከቱሉ ዲምቱ ካርድ ተቀብሎ አዳማ ሲደርስ እንደ ርቀቱ የሚከፍል ያገራችን ሾፌር የጣሊያኑንና የፈረንሳዩን አሠራር አያጣውም፤ ሲገቡ ካርድ፣ ሲወጡ ገንዘብ ነው።

እነዚህን መንገዶች በብዛት ያስተዳድሩ የነበሩት የመንግሥት ኩባንያዎች ነበሩ። ዕዳቸው እየተቃለለ ገቢያቸው እያደገ ሲመጣ ግን መንግሥታት ሸጧቸው። ጣሊያን በ1999፣ ፈረንሳይ በ2006። የፈረንሳዩ ሽያጭ 14.8 ቢሊዮን ዩሮ አስገኘ፤ ገዢዎቹ በቫንሲ፣ በኤፋዥና በስፔኑ አበርቲስ የሚመሩ ቡድኖች ነበሩ። በ2014 የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን የኩባንያዎቹን ሒሳብ መርምሮ ሾፌሩ ከሚከፍለው ከእያንዳንዱ 100 ዩሮ ከ20 እስከ 24 ዩሮ የተጣራ ትርፍ እንደሚሆን አስታወቀ። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ ፍርድ ግልጽ ነው። የሃምሳ ዓመት ዕዳ ሊያልቅ ሲል ገቢውን መሸጥ፣ ከፋዩ የተገባለትን ቃል ሌላ ሰው እንዲበላው ማድረግ ነው።

የጣሊያኑ ዋጋ ግን በዩሮ ብቻ አልተቆጠረም። ኦገስት 14 ቀን 2018 ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ዶፍ ዝናብ ይወርዳል፤ በማግስቱ የፍልሰታ በዓል ስለሆነ ቤተሰብ ሁሉ ለዕረፍት መንገድ ላይ ነው። ጄኖቫ ውስጥ በ1967 የተከፈተው፣ ሪካርዶ ሞራንዲ የነደፈው ድልድይ አንዱ ምሰሶና ከ200 ሜትር በላይ የሆነው አካሉ ተደረመሰ። 43 ሰዎች ሞቱ። አንድ አረንጓዴ የጭነት መኪና ከተቆረጠው አስፋልት ጫፍ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቆሞ የሚታይበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ፤ ከመኪናው አፍንጫ ፊት መንገድ የለም፣ ባዶ አየር ነው። መንገዱን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ የመንከባከብ ግዴታ ነበረበት፤ ለዚያም ነው ሾፌሩ በየቀኑ የከፈለው። ሕዝቡ የውሉን ሙሉ ዝርዝር ለማየት የቻለው ከአደጋው በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል፤ አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሚከፍልበትን ውል ለማንበብ 43 ሰው መሞት ነበረበት? በ2022 የመንግሥት ባንክ የሚመራው ቡድን የኩባንያውን 88 በመቶ ድርሻ በ8 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ገዝቶ መንገዱን ወደ ሕዝብ እጅ መለሰው። አዲሱን ድልድይ፣ አርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ የነደፈውን፣ ከፊንካንቲዬሪ ኩባንያ ጋር ሆኖ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሠራው ሳሊኒ ኢምፕሬጂሎ ነው፤ የሕዳሴ ግድባችንን የገነባው ያው ኩባንያ።

እስካሁን ያየነው እያንዳንዱ አገር በገዛ ደጁ ያደረገውን ነው። መኪናው ግን ድንበር ያቋርጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራስልስ የገባችበትም በዚህ ምክንያት ነው። የጭነት መኪና መንገድ ይጎዳል፤ በአሜሪካ ኢሊኖይ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተደረገ ታላቅ ሙከራ እንዳሳየው በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ጀርመን ደግሞ የአውሮፓ መተላለፊያ ናት። ከሆላንድ ወደ ጣሊያን፣ ከፈረንሳይ ወደ ፖላንድ የሚሄደው ሁሉ በነፃ መንገዷ ላይ ያልፋል፤ ነዳጁን ግን ርካሽ ከሆነበት ከሉክሰምበርግ ሞልቶ ነው። ስለዚህ በ1990 ጀርመን በከባድ መኪና ሁሉ ላይ የመንገድ ክፍያ ጣለች፤ በዚያው ቀን ደግሞ የራሷ መኪኖች በየዓመቱ የሚከፍሉትን የተሽከርካሪ ግብር ቀነሰች። ሒሳቡ ሲደመር ከኪሱ የሚያወጣው የውጭው ሾፌር ብቻ ነው። በ1992 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህን ውድቅ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ፍርድ ይመዘዛል ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። በ1993 የመጀመሪያው የጋራ መመሪያ ወጣ። ሚኒስትሮቹ የአውሮፓ ፓርላማን እንደገና ሳያማክሩ አጽድቀውት ስለነበር በ1995 ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ሌላ እስኪተካ ግን እንዲሠራበት ፈቀደ። ተተኪው የ1999 መመሪያ ዩሮቪኜት በሚል ስም ይታወቃል። ዋናው ሐሳቡ ሁለት ነው፦ ከከባድ መኪና የሚሰበሰበው ክፍያ መንገዱን ከመሥራት፣ ከመጠገንና ከማስተዳደር ወጪ መብለጥ የለበትም፤ በዜግነትም ሰው ከሰው አይለይም።

አገሮቹ ግን መላ መፈለጋቸውን አላቆሙም። ኦስትሪያ በ1995 እና በ1996 በብሬነር ተራራ ማለፊያ ላይ ዋጋ ስትጨምር ጭማሪው የከበደው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጡ መኪኖች ላይ ነበር። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው አብዛኛው የውጭ መኪና ነው፤ የአገሬው መኪና መሐል ላይ ገብቶ መሐል ላይ ይወጣል። በ2000 ፍርድ ቤቱ ይህንንም ጣለው። ጀርመንም የ1992ቱን ትምህርት ረስታ በቤት መኪኖች ላይ ያንኑ ዘዴ ሞከረች፤ ሁሉም ተለጣፊ ይግዛ፣ ለጀርመኖች ግን የከፈሉት ልክ ከዓመታዊ ግብራቸው ይቀነስላቸው። ኦስትሪያ ከሰሰች፤ ጁን 18 ቀን 2019 አሸነፈች። ፍርዱ ሳይታወቅ ውል የተፈረመላቸው ኩባንያዎች 243 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ተከፈላቸው፤ ያ ገንዘብ ከግብር ከፋዩ ወጥቶ አንዲት ሜትር አስፋልት ሳይሠራ ቀረ። በ2020 ደግሞ አንድ የፖላንድ የጭነት ድርጅት ባነሳው ክርክር ፍርድ ቤቱ የትራፊክ ፖሊስ ወጪ በመንገድ ዋጋ ውስጥ ሊቆጠር አይችልም አለ።

የመክፈያው ዘዴም አብሮ ተለውጧል፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። ኖርዌይ በ1986 በበርገን ከተማ ዙሪያ የክፍያ ቀለበት ዘረጋች፤ በ1987 ኦሌሱን ላይ ሳያቆሙ የሚከፈልበት ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ጀመረች። ፖርቱጋል በ1991 ቪያ ቨርዴ የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ አመጣች። ስዊዘርላንድ ከ2001 ጀምሮ ከባድ መኪናን በክብደቱና በሄደበት ርቀት ታስከፍላለች፤ 57 ኪሎ ሜትር የሆነውና በ2016 የተከፈተው የጎታርድ የባቡር ዋሻ ከፊል ገንዘቡ ከዚያ የመጣ ነው። ጀርመን በሳተላይት የሚመራውን ሥርዓት በኦገስት 2003 ልትጀምር አቅዳ አልሠራ ብሏት እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ቆየች። በኪሳራው የተነሳ ሥርዓቱን ከሠራው ኩባንያ ባለቤቶች ጋር የገጠመችው ክርክር በ2018 በ3.2 ቢሊዮን ዩሮ ዕርቅ ተዘጋ። ሥርዓቱ ከቆመ በኋላ ግን በሚገባ ሠራ፦ በመኪናው ውስጥ ያለች ትንሽ ሣጥን ከሳተላይት ቦታዋን ታውቃለች፣ የትኛውን የመንገድ ክፍል እንዳለፈች ትቆጥራለች፣ ሒሳቡን በሞባይል መረብ ትልካለች።

አንዱ ችግር ሣጥኑ የየአገሩ መሆኑ ነበር። ከሊዝበን ዋርሶ የሚነዳ ሰው የፊት መስታወቱ ሥር የሣጥን ገበያ ይሆንበታል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ውል፣ የተለየ ደረሰኝ። የ2004ቱ መመሪያ አንድ ሣጥን፣ አንድ ውል ብሎ ቃል ገባ፤ ለዓመታት ወረቀት ላይ ብቻ ቀረና በ2019 ሌላ መመሪያ አስፈለገው።

ሌላው ችግር የሕዝቡ ልብ ነው። ፈረንሳይ በከባድ መኪና ላይ የአካባቢ ቀረጥ ለመጣል ካሜራ የተሸከሙ የብረት ቅስቶች በየመንገዱ አቆመች። በ2013 መጸው የብሬታኝ ገበሬዎችና የምግብ ፋብሪካ ሠራተኞች ቀይ ቆብ አጥልቀው ወጡ፤ ቆቡ በ1675 በዚያው ክፍለ ሀገር በቀረጥ ላይ የተነሳውን ዐመፅ ያስታውሳል። ቅስቶቹን አቃጠሉ፣ ገነደሱ። መንግሥት በኦክቶበር 29 ቀን 2013 ቀረጡን አገደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሰብሳቢው ኩባንያ ጋር የነበረውን ውል ቀደደ፤ ለኩባንያውና ለአጋሮቹ ወደ አንድ ቢሊዮን ዩሮ የተጠጋ ካሳ ከፈለ። ብሬታኝና ዌልስ ቋንቋቸው የአንድ ሥር ዘመዳማቾች ናቸው፤ የርብቃ ልጆችና ባለ ቀይ ቆቦቹ ያነሱት አቤቱታም አንድ ነው፦ ከገበያ የራቀ ገበሬ ስለራቀ ብቻ ደግሞ አይቀጣ። ይህን አቤቱታ ኋላቀርነት ብለው የሚያልፉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ትክክለኛ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ መልሱም ቅስት ከማቆም በፊት መሰጠት ነበረበት።

ጥያቄውን መመለስ አሁን ይበልጥ ከብዷል። የክፍያው ምክንያት ራሱ ተለውጧል። በ2011 መመሪያው ተሻሽሎ ከመንገድ ወጪ በተጨማሪ ለአየር ብክለትና ለጩኸት ማስከፈል ተፈቀደ። በ2022 ደግሞ የካርበን ልቀት ተጨመረ፤ ከባድ መኪና በዋና ዋናዎቹ የአውሮፓ መንገዶች ላይ በቀን ወይም በዓመት የሚገዛው ተለጣፊ እስከ 2030 ቀርቶ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ በኪሎ ሜትር እንዲከፍል ተወሰነ። ጀርመን ከዲሴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለአንድ ቶን ልቀት 200 ዩሮ ጨመረች፤ የትልልቆቹ መኪኖች ዋጋ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዕዳ ተከፍሎ ያልቃል፤ ጭስ ግን መኪናው እስከሄደ ድረስ ያለ ነው። በ1663 የተጻፈው የ11 ዓመት ቃል እዚህ ላይ ትርጉሙን ያጣል። በምትኩ የቆመው ምክንያት ክቡር ነው፤ እደግፈዋለሁም። ሆኖም ማብቂያ የሌለው ክፍያ ከማብቂያ ካለው ይበልጥ ጥብቅ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል።

ኬላውን ማንሳት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነም ስፔን አሳይታለች። ኤፒ-7 ነፃ ሲሆን ትራፊኩ በእጅጉ ጨመረ፤ መጨናነቁና አደጋው አብሮት መጣ፤ የጥገናው ወጪም በመንግሥት ካዝና ላይ ወደቀ። ማድሪድ መንገዶቿን እንደገና የማስከፈል ዕቅድ ለብራስልስ አቅርባ ነበር፤ በሕዝቡ ተቃውሞ ተወችው። ፖርቱጋልም በገንዘብ ቀውሷ ዘመን በአገር ውስጠኛው ክፍልና በአልጋርቭ ያስከፈለቻቸውን መንገዶች ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነፃ አደረገች። በተቃራኒው ፈረንሳይ ከፓሪስ ወደ ኖርማንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ በ2024 አግዳሚዎቹን ሁሉ ነቅላ ጣለች፤ ክፍያው ግን አልቀረም። ካሜራ ታርጋውን ያነባል፣ ሾፌሩ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልከፈለ ይቀጣል። ኬላው ተነሳ፤ የኬላው ሒሳብ ግን አልተነሳም።

ሁሉም አሁን የሚያየው ወደዚያችው ወደ ፈረንሳይ ነው። በ1955 በልዩ ሁኔታ የተፈቀዱት፣ በ2006 የተሸጡት ውሎች አንድ በአንድ የሚያበቁበት ዘመን ደርሷል። መንግሥት ነፃ ያደርጋቸው ይሆናል፣ እንደገና ያጫርታቸው ይሆናል፣ ወይም ራሱ ይዞ ያስከፍላቸው ይሆናል። ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሙሉው ለከፋዩ ይታይ፤ ከጄኖቫ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚቀርብ ሰበብ ተቀባይነት የለውም። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ የሚሄዱትን መንገዶች የያዘው የሳኔፍ ውል የመጀመሪያው ነው፤ ዲሴምበር 31 ቀን 2031 ያበቃል።